«ይህንን አይሠራም» የሚል ሻጭ፦ የሳይበር ደኅንነት ቴክኒካል ሽያጭ ሲዳሰስ

አንድ ባንክ አዲስ ፋየርዎል ሊገዛ ሲነሣ ከሻጩ ወገን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው ይመጣል። አንደኛው አካውንት ማናጀር ነው፤ ዋጋው፣ ውሉ፣ የርክክቡ ጊዜና የኃላፊዎቹ ስልክ ቁጥር ያለው እሱ ጋ ነው። ሁለተኛው ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝቶ ዲሞ የሚያሳየው ነው። የባንኩ የኔትወርክ ኃላፊ «ይኼ ከኮር ባንኪንጋችን ፊት ሲቀመጥ ምን ይሆናል?» ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ፊቱን የሚያዞረው ወደ እሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፕሪሴልስ ይባላል። ዱባይ ወይም ናይሮቢ ቢሆን ካርዱ ላይ ሴልስ ኢንጂነር ወይም ሶሉሽን ኢንጂነር ተብሎ ይጻፍለታል። ደመወዙ የሚወጣው ከሽያጭ ክፍል ነው፤ ገዢው የሚያምነው ግን እንደ መሐንዲስ ነው። የሙያው ክብርም ፈተናውም የሚነሣው ከዚህ ነው።

ስለ ሳይበር ደኅንነት ሲወራ ስለ ሰርጎ ገቦች፣ ስለ ተዘረፈ ገንዘብና ስለ ሕግ ብዙ ይባላል። ስለዚህ ሰው ግን እምብዛም አይነሣም። ሆኖም አንድ ድርጅት ምን ዓይነት መከላከያ እንደሚኖረው በተግባር የሚወሰነው እሱ በስብሰባው ላይ በሚናገረውና ሳይናገር በሚያልፈው ነገር ነው። ከሚናገረው ሁሉ ለገዢው ትልቅ ዋጋ ያለው «ይህንን አይሠራም» የሚለው ነው። በዚህ ዳሰሳ የማሳየው ይህን መናገር ለምን እንደሚከብድና ሳይነገር ሲቀር ማን ዕዳውን እንደሚከፍል ነው። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት፣ የአዋጅ ቁጥሮች ሲቀሩ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከኢኮኖሚክስ ይጀምራል። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጥናት አሳተመ። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ ደግሞ ጥሩ መኪና ያለው ሰው መሸጥ አይፈልግም። እንዲህ እያለ ገበያው ላይ የሚቀረው የተበላሸው ይሆናል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሮስ አንደርሰን በ2001 የኮምፒውተር ደኅንነት ችግር ከቴክኒኩ ይልቅ ኢኮኖሚያዊ መሆኑን ሲጽፍ ይኸው ሐሳብ አንዱ ማስረጃው ነበር። የደኅንነት ባለሙያው ብሩስ ሽናየርም በ2007 እንደገና አነሣው። መነሻው የይለፍ ቃል በተደጋጋሚ ሲሳሳት ራሱን ያጠፋል ተብሎ ይሸጥ የነበረና ሲፈተሽ በቀላሉ የተከፈተ ፍላሽ ዲስክ ነበር።

እንዲያውም የደኅንነት ገዢ ከመኪና ገዢው የባሰ ችግር አለበት። መኪናው የተበላሸ መሆኑ መንገድ ላይ ሲቆም ይታወቃል። የደኅንነት ዕቃ የገዛ ድርጅት ግን አንድ ዓመት ጸጥ ብሎ ቢያልፍ ምክንያቱን አያውቅም፤ ዕቃው ሠርቶ ይሆናል፣ አጥቂ ሳይመጣ ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም አጥቂው ገብቶ ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጦ ይሆናል። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። እንዲህ ባለ ገበያ ዕቃውን ከውስጥ የሚያውቅና የገዢውንም ቤት ገብቶ ያየ ሰው ከቴክኒካል ሻጩ ሌላ ብዙ የለም። አምራቹ ዕቃውን ያውቃል፣ ባንኩን አያውቅም። ባንኩ ራሱን ያውቃል፣ ዕቃውን አያውቅም።

ሙያው አዲስ አይደለም። አይቢኤም ትላልቅ ኮምፒውተሮቹን በሚያከራይበት ዘመን ሲስተምስ ኢንጂነር የሚባሉ ባለሙያዎችን ከሻጮቹ ጋር ይልክ ነበር። ክፍያቸው በማሽኑ ኪራይ ውስጥ ተጠቃሎ ነበር። ሰኔ 1969 ኩባንያው የሶፍትዌርና የአገልግሎት ዋጋውን ከማሽኑ እንደሚለይ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ከግዢ በኋላ ያለው የባለሙያ እገዛ የራሱ ዋጋ ወጣለት። ከግዢ በፊት ያለው ምክር ግን እስከ ዛሬ በነፃ ይሰጣል። ገዢው ነፃ የሚመስለውን ምክር በዕቃው ዋጋ ውስጥ ስለሚከፍለው፣ መካሪው ምን ማትረፍ እንደሚፈልግ መጠየቅ መብቱ ነው።

የሥራውን ሂደት ባለሙያዎቹ ዲስከቨሪ፣ ዲሞ፣ ፒኦሲ፣ ፕሮፖዛል እያሉ ይከፍሉታል። ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው ዲስከቨሪ ማለትም የደንበኛውን ችግር ጠይቆ መረዳት ነው፤ ብዙ ጊዜ ተቸኩሎበት የሚታለፈውም እሱ ነው። ጎበዝ ፕሪሴልስ ስላይድ ከመክፈቱ በፊት ስንት ቅርንጫፍ እንዳለ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው መስመር ምን ያህል እንደሆነ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ ማን እንደሚያየው ይጠይቃል። የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ «ማንም» ከሆነ ውድ የሆነውን የክትትል ሲስተም መሸጥ ደንበኛውን መጉዳት ነው። ቀድሞ የሚያስፈልገው ሰው ነው፣ ወይም በውል የሚከታተልለት ድርጅት።

ለዚህ የታወቀ ማስረጃ አለ። ታርጌት የሚባለው የአሜሪካ የመደብሮች ሰንሰለት በ2013 መጨረሻ የ40 ሚሊዮን ያህል የባንክ ካርዶች መረጃ ተዘረፈበት። አጥቂዎቹ የገቡት የማቀዝቀዣና የማሞቂያ ሥራ በሚሠራለት ኮንትራክተር አካውንት ነበር። ታርጌት ከወራት በፊት ፋየርአይ ከሚባለው ኩባንያ ዘመናዊ መከላከያ ገዝቶ ነበር፤ ብሉምበርግ በጊዜው እንደዘገበው ዋጋው 1.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። መሣሪያው ጥቃቱን አይቶ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ማስጠንቀቂያው የደረሰው ቡድን ግን እርምጃ አልወሰደም። የሰዎችን የብድር መረጃ የሚሰበስበው የአሜሪካ ኩባንያ የኢኩፋክስ ታሪክ ከዚህም ይበልጣል። በ2017 ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጃ ሲወሰድበት፣ የተመሰጠረውን የኔትወርክ ትራፊክ ከፍቶ የሚመረምር መሣሪያ ነበረው። መሣሪያው የሚጠቀምበት ዲጂታል ሰርተፊኬት ግን ጊዜው አልፎበት ለወራት ሳይታደስ ቆይቷል። ሐምሌ 29 ቀን 2017 ሰርተፊኬቱ ሲታደስ አጠራጣሪው ትራፊክ ወዲያው ታየ። ሁለቱም ድርጅቶች ዕቃው አልጎደለባቸውም። በሽያጩ ጊዜ «ይህ መሣሪያ በየጊዜው የሚከታተለው ሰው ከሌለ አይሠራም» የሚለው ነገር በውሉ ውስጥ ተጽፎ፣ ሰውም ተመድቦለት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልሁ ደጋግሜ አስባለሁ።

ገዢው በሻጩ ቃል ብቻ እንዳይመካ የውጭ ፈታሾች ተፈጥረዋል፤ እነሱም ግን የራሳቸው ችግር አለባቸው። ጋርትነር የሚባለው የገበያ ጥናት ድርጅት በየዓመቱ ኩባንያዎችን በአራት ክፍል ሣጥን ላይ ያሰልፋል። በኛ አገር የጨረታ ሰነዶች ላይ «ከመሪዎቹ መካከል የሆነ» የሚለው መስፈርት ሲደጋገም አያለሁ። ሣጥኑ የኩባንያውን አቅምና አቅጣጫ ያሳይ እንደሆነ እንጂ ዕቃው የአንድን የጎንደር ቅርንጫፍ መስመር ይችል አይችል አይናገርም። ኤንኤስኤስ ላብስ የሚባለው ፈታሽ ድርጅት ዕቃዎችን በላቦራቶሪ እየፈተነ ውጤታቸውን ያወጣ ነበር። የደኅንነት ሶፍትዌር አምራቹ ክራውድስትራይክ በ2017 ፍርድ ቤት አቆመው፣ በ2019 ተስማሙ፣ በ2020 ላቦራቶሪው ተዘጋ። ማይተር የሚባለው ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ከ2018 ጀምሮ የታወቁ የጥቃት ቡድኖችን አካሄድ እየተከተለ መከላከያዎችን ይፈትሻል። ማይተር ደረጃ አያወጣም። ውጤቱ በታተመ ቁጥር ግን ብዙ ኩባንያ «አንደኛ ወጣን» ይላል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የሚያሸንፍበትን ዓምድ መርጦ ያሳያል። በ2025 ደግሞ ማይክሮሶፍት፣ ሴንቲነልዋንና ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ በዚያ ዓመት ፈተና እንደማይሳተፉ አስታወቁ። ገዢው የሚያመሳክርበት ገለልተኛ ማስረጃ ይበልጥ እየሳሳ ነው።

ከዚያ የሚቀረው ዳታሺቱ፣ ማለትም አምራቹ የሚያወጣው የዕቃው መግለጫ ነው። የፋየርዎል ዳታሺት ላይ በትልቁ የሚታየው የፍጥነት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ትላልቅ ፓኬቶች ያለ ምንም ምርመራ ሲያልፉ ነው። ጥቂት መስመሮች ወረድ ሲባል የቫይረስና የጥቃት ምርመራው ሲበራ ያለው ቁጥር ይመጣል፤ እጅግ ያነሰ ነው። የተመሰጠረ ትራፊክ ተከፍቶ ሲመረመር ደግሞ ይበልጥ ይወርዳል። ዛሬ የኢንተርኔቱ ትራፊክ አብዛኛው የተመሰጠረ ስለሆነ ለገዢው የሚጠቅመው የመጨረሻው ቁጥር ነው። በጨረታ ግምገማ ላይ የሚነጻጸረው ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ይህንን ልዩነት ከገዢው ቀድሞ የሚያነሣ ፕሪሴልስ ዕቃው በወረቀት ላይ ደካማ ሊመስልበት ይችላል። ተፎካካሪው ዝም ካለ ደግሞ ጨረታውን ሊያጣ ይችላል። በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ይህንን ፈተና ያውቀዋል።

ስለዚህ ትክክለኛው ማስረጃ ፒኦሲ ነው፤ ዕቃው በገዢው ቤት፣ በገዢው መረጃ ላይ፣ ለተወሰነ ሳምንት ተፈትሾ ሲታይ። አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። አንድ የአዲስ አበባ የገንዘብ ተቋም መረጃ እንዳይወጣበት የሚከላከል ሲስተም፣ ባለሙያዎቹ ዲኤልፒ የሚሉትን፣ ሊገዛ ነው እንበል። የሻጩ ዲሞ እንግሊዝኛ ነው። የክሬዲት ካርድ ቁጥር ያለበት ፋይል በኢሜይል ሲላክ ሲስተሙ ያግደዋል፣ ሁሉም ይደሰታል። የካርድ ቁጥር የራሱ የማረጋገጫ ስሌት ስላለው መለየቱ ቀላል ነው። የተቋሙ እውነተኛ መረጃ ግን ሌላ መልክ አለው። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር 12 አኃዝ ነው። የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር 13 አኃዝ ነው። እነዚህን ለመያዝ «12 ወይም 13 ቁጥር ተከታትሎ ካየህ አግድ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን የፖሊሲ ቁጥሩንም፣ የደረሰኝ ቁጥሩንም እያገደ ሥራ ያስቆማል፤ በሁለተኛው ቀን የአይቲ ክፍሉ መከላከያውን ያጠፋዋል።

ቀጥሎ ጽሑፉ አለ። «ምሥጢራዊ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሲስተሙ ያውቀው እንደሆነ ቢጠየቅ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አማርኛ የለም። ቢጨመርም አንዱ ጸሐፊ ምሥጢር፣ ሌላው ምስጢር፣ ሦስተኛው ሚስጥር ብሎ ስለሚተይብ ሁሉም በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለባቸው። ከዚህ የሚከብደው የቆዩት ፋይሎች ጉዳይ ነው። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለሰው ዓይን አማርኛ ነው፣ ከሥር ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው፤ ሲስተሙ ምንም ሊያነብበት አይችልም። ከዚያ ደግሞ በየቢሮው ደብዳቤ የሚላከው ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ ስካን ተደርጎ ነው። የሚሄደውም በኢሜይል ሳይሆን በቴሌግራም ነው። እንግዲህ በዲሞው ላይ ያጨበጨበው ተቋም ገንዘቡን ያወጣው እሱ ለማይጠቀምበት ቋንቋና ለማይልክበት መንገድ ነው ማለት ነው። ጥሩ ፕሪሴልስ ይህንን ራሱ ያወጣዋል። የተቋሙን ሃያ እውነተኛ ሰነዶች፣ ስማቸው ተቀይሮ፣ ይጠይቃል፤ በሲስተሙ ውስጥ ያሳልፋቸዋል፤ የታገዱትንና ያመለጡትን በሁለት ዓምድ ጽፎ ይሰጣል። ያመለጡት ዝርዝር ረጅም ቢሆንም ግዢው ሊቀጥል ይችላል፤ ገዢው ግን ምን እንደገዛ አውቆ ይገዛል።

ይህንን የማያወጣውስ? ክፉ ሰው ስለሆነ አይመስለኝም። የጨረታው አካሄድ ራሱ ወደዚያ ይገፋዋል። ሰነዱ ላይ ኮምፕላያንስ ማትሪክስ የሚባል ሰንጠረዥ አለ፤ አንዳንዴ መቶ ሁለት መቶ ረድፍ ይኖረዋል። በእያንዳንዱ ረድፍ አንጻር «ያሟላል» ወይም «አያሟላም» ይሞላል። አንድ ረድፍ ላይ «አያሟላም» ብሎ የጻፈ ድርጅት ቴክኒካል ግምገማው ላይ ከወደቀ የፋይናንሻል ፖስታው ሳይከፈት ይመለስለታል። «በከፊል፣ በዚህ ሁኔታ» ብሎ ለማስረዳት ቦታው አይበቃም። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ከላይ እስከ ታች «ፉሊ ኮምፕላይ» ይሞላል። የገዢው ኮሚቴም ሁሉም ስላሟሉ በዋጋ ይለያቸዋል። ሌላም አለ፤ አንዳንድ ጊዜ የዝርዝር መግለጫውን መጀመሪያ የሚያረቅቀው ራሱ ሻጩ ነው፣ ምክንያቱም በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚያውቀው የለም። እንዲህ ሲሆን መስፈርቱ ከአንድ ኩባንያ ዳታሺት ተቀድቶ ይመጣል። በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ካነበበ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ከሰንጠረዡ ሌላ ይሉኝታ አለ። ዳይሬክተሩ ፊት ቴክኒካል ጥያቄ መጠየቅ አላዋቂ መምሰል ይሆንብኛል ብሎ የሚፈራ ኃላፊ ብዙ ነው። ሻጩም «አይችልም» ማለት ንቀት እንዳይመስልበት «ችግር የለውም፣ እናየዋለን» ይላል። ሁለቱም ተከባብረው ይለያያሉ፤ ዝምታቸው ግን ውሉ ውስጥ ይገባል። በአንድ ፒኦሲ መጨረሻ ላይ ያልሠሩትን ነገሮች ጮክ ብሎ ሲያነብ ያየሁት ወጣት ባለሙያ መጀመሪያ ላይ አዳራሹ ቀዝቅዞበት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን የገዢው ወገን ሰዎች በጥያቄ አጣደፉት፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ስብሰባዎች አንድም ሰው እንደዚያ ሲጠይቅ አላየሁም። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ሲያነሣ ገዢውም የራሱን ጉድለት ለማንሣት ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋል።

እውነቱን ከመናገር የሚያሸሽ ሌላው መንገድ ፍርሃትን መሸጥ ነው፤ እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። በየካቲት 2016 የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ በስዊፍት መልእክት 81 ሚሊዮን ዶላር ተዘረፈ፤ የተሞከረው አንድ ቢሊዮን ይጠጋ ነበር። ሮይተርስ መርማሪዎችን ጠቅሶ እንደዘገበው ባንኩ ፋየርዎል አልነበረውም፤ ኮምፒውተሮቹን ያገናኘውም ባለ 10 ዶላር ያገለገሉ ስዊቾች ነበሩ። ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው፣ ለባንክ ሰው ሊነገር ይገባል፣ ምክንያቱም ከታሪኩ ውስጥ ግልጽ የሆነ እርምጃ ይወጣል። በመጋቢት 2024 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተከሰተው ግን ሌላ ነው። በዚያ ሌሊት ደንበኞች ካላቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ አደሩ፤ ባንኩ ምክንያቱ የሥርዓት ችግር እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታውቋል። ይህንን ክስተት ስላይድ ላይ አስገብቶ ለሌላ ባንክ ፋየርዎል መሸጫ ማድረግ ሕዝብን ማሳሳት ነው። ያንን ዓይነት ስሕተት የሚከላከለው የለውጥ አስተዳደርና ፍተሻ እንጂ ፋየርዎል አይደለም።

ገዢውን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነገር ሕግ ነው። ካርድ የሚያስተናግዱ ባንኮች ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ መስፈርት ማሟላት አለባቸው፤ የአራተኛው ዕትም ቀሪ ግዴታዎች ከመጋቢት 31 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውለዋል። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ቆይቷል፤ የግል መረጃን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ አዲስ ነው፣ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም የራሱ ድርሻ አለው። ሕግ ገበያውን ቢያሰፋም አንድ ፈተና ያመጣል፤ «ይህንን ከገዛችሁ አዋጁን አሟላችሁ» የሚል ሻጭ ይበዛል። አዋጅን ዕቃ አያሟላም። መረጃው የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያየው፣ ለምን እንደተሰበሰበ የሚወስነው ተቋሙ ራሱ ነው።

ሻጩ በጽሑፍ ያወጣው ቃል ፍርድ ቤት ሊደርስ እንደሚችል ደግሞ ሶላርዊንድስ ያሳያል። በ2020 መጨረሻ የሩሲያ ሰላዮች በኩባንያው ሶፍትዌር ማሻሻያ ውስጥ ተሸጉጠው መግባታቸው ታወቀ፤ የተበከለውን ማሻሻያ እስከ 18 ሺህ የሚደርሱ ደንበኞች አውርደውት ሊሆን እንደሚችል ኩባንያው ራሱ ገለጸ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ኮሚሽን በጥቅምት 2023 ኩባንያውንና የደኅንነት ኃላፊውን ሲከስ፣ ዋነኛ ማስረጃው ኩባንያው ስለ ራሱ ደኅንነት አሳትሞት የነበረ መግለጫ ነበር። በ2024 ዳኛው አብዛኛውን ክስ ሲጥለው መግለጫውን የሚመለከተው ክፍል ግን ቀርቶ ነበር፤ በመጨረሻ ኮሚሽኑ በ2025 ክሱን አነሣ። የሚላክለትን የደኅንነት መጠይቅ ከድሮ ፋይል እየገለበጠ የሚሞላ ፕሪሴልስ ይህንን ጉዳይ ሊያነበው ይገባል። መከላከያው ራሱም በር ሊሆን ይችላል፤ በጥር 2024 መጨረሻ ሲሳ የሚባለው የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የኢቫንቲን ቪፒኤን መሣሪያዎች በ48 ሰዓት ውስጥ ከኔትወርክ እንዲነቅሉ አዘዘ። ሐምሌ 19 ቀን 2024 የክራውድስትራይክ የተሳሳተ ማሻሻያ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። በዚያን ሰሞን ደንበኛ ቤት ሄዶ ፊት ለፊት የቆመው የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሳይሆን ቴክኒካል ሰው ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ አንድ ነገር ከሁሉ ይከብዳል፦ እድሳት። ዛሬ ፋየርዎል ማለት ብረቱ ሳይሆን በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ የሚታደሰው ሰብስክሪፕሽን ነው። ካልታደሰ ሣጥኑ መብራቱ እየበራ አዲስ የወጡትን ጥቃቶች መለየት ያቆማል። ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 29 ቀን 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወራት ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የ40 ሺህ ዶላር እድሳት በ57 ብር 2.28 ሚሊዮን ነበር፤ በ120 ብር ሲታሰብ 4.8 ሚሊዮን ይሆናል። በጀቱ ግን ከአምናው ላይ ትንሽ ተጨምሮ የተያዘ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የሦስተኛውን ዓመት ዋጋ ያላሳየ ባለሙያ ግማሹን እውነት ብቻ ነግሯል። አንዳንዴ ትክክለኛው ምክር አነስ ያለ ሞዴል፣ የአምስት ዓመት ላይሰንስ አንድ ላይ መግዛት ወይም ክፍት ምንጭ የሆነ መሣሪያ ከሠለጠነ ሰው ጋር መጠቀም ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን ምክር ለመስጠት ኮሚሽኑን መርሳት ይጠይቃል።

ስለ ገንዘቡ ከተነሣ አይቀር፦ በዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የአካውንት ማናጀሩ ገቢ ብዙ ጊዜ ግማሹ ቋሚ፣ ግማሹ በሽያጭ የሚገኝ ነው። የቴክኒካሉ ሰው ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ቋሚ ነው። ይህ ክፍፍል እውነት ተናግሮም ቤቱን ማስተዳደር እንዲችል ቦታ ይተውለታል። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ አኃዝ የሴልስ ኢንጂነሮች አማካይ ክፍያ በ2024 በዓመት ከ120 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ በኔትወርክና በሲስተም ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ሴኪዩሪቲ ፕላስ የሚባለውን የሙያ ምስክር ወረቀት ይዘው በሌሊት ፈረቃ ማስጠንቀቂያ የሚከታተሉትን አውቃለሁ። ወደ ቴክኒካል ሽያጭ መሸጋገር እንደሚችሉ ሲነገራቸው አነጋገራችን አይመች ይሆናል ይላሉ። ሌሊቱን ሙሉ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ከሐሰተኛው ሲለይ የኖረ ሰው ግን ደንበኛ ፊት የሚናገረው ነገር አለው፤ ያንን ከስላይድ ማግኘት አይቻልም። በእስራኤል፣ የፋየርዎል አምራቹ ቼክ ፖይንት በ1993 በተመሠረተበት አገር፣ ቴክ ካሪየር የሚባለው ድርጅት ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወጣቶችን ለሃይ ቴክ ሥራ ሲያሠለጥን ቆይቷል። አዲስ አበባ ላይ መንገዱ ይበልጥ ጠባብ ነው፤ ከኢንቴግሬተር ድርጅት ገብቶ ኬብል እየዘረጋ፣ የአምራቹን ፈተና እየተፈተነ ማደግ ነው። ሠልጥኖ የወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዱባይ ይሄዳል።

አሁን ሥራው ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገብቷል። የጨረታ ሰንጠረዥን ከድሮ መልሶች ተነሥቶ በደቂቃዎች ይሞላል፤ ገዢውም ሰነዱን በዚያው ያስረቅቃል። ሁለት መቶ ረድፍ ማንም ሳያነበው ተጠይቆ ማንም ሳያነበው ሊመለስ ይችላል። ወረቀቱ እንዲህ በረከሰ ቁጥር ዋጋ የሚያወጣው በገዢው ቤት የተደረገው ፍተሻና ፊርማውን ያኖረው ሰው ነው። በሰብስክሪፕሽን የሚሸጡ አንዳንድ ኩባንያዎች የቴክኒካሉን ሰው ጉርሻ ከመጀመሪያው ሽያጭ ይልቅ ደንበኛው ከማደሱና ዕቃውን ከመጠቀሙ ጋር ማያያዝ ጀምረዋል። እዚህ የኩባንያዎቹ የክፍያ ሥርዓት እስኪለወጥ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ገዢው በእጁ ያለው ነገር አለ። የጨረታ ሰነዱ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ ቴክኒካል ፕሮፖዛሉን የፈረመው ባለሙያ ከርክክቡ ስድስት ወር በኋላ መጥቶ ያንኑ ሰንጠረዥ ከገዢው ሠራተኞች ጋር ረድፍ በረድፍ ይፈትሽ፣ የመጨረሻው አሥር በመቶ ክፍያም እስከዚያ ይቆይ።